ክራክ ሳትፈልጉ ነፃና ርካሽ ሶፍትዌር የምታገኙበት መንገድ

አምስት ኪሎ፣ ከብሔራዊ ሙዚየም ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ከላይ ከስድስት ኪሎ የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ ይወርዳል፣ ከታች ከአራት ኪሎ የሳይንሱ ይመጣል፣ የምህንድስናው ደግሞ ጎረቤቴ ነው። ሰኔ ሲገባ መመረቂያ ጽሑፍ ለማሳተም ይሰለፋሉ። ከወረቀቱ በፊት ግን የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ጋሼ፣ ኤስፒኤስኤስ ይኖርሃል? ክራኩም ካለህ…» ቃሉ ሳያልቅ ፍላሹ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኤስፒኤስኤስ የመጠይቅ መረጃ መተንተኛ ፕሮግራም ነው፤ ክራክ ደግሞ የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያሠራ ማለፊያ።

ድሮ እሰጥ ነበር። አሁን የማልሰጠው ጨዋ ሆኜ ሳይሆን ተቃጥዬ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት የሱቁን ዋና ኮምፒውተር ፎርማት አስደረግሁ። የሠራልኝ ልጅ ዊንዶውስና ኦፊስ ጫነ፤ ከዚያ አክቲቬት ለማድረግ ብሎ አንቲቫይረሱን አጠፋና አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አስነሣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍት በእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ አራት የማላውቃቸው ፊደላት ተቀጥለዋል፤ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል ማስታወሻ ተቀምጧል፦ መክፈቻውን ለማግኘት 980 ዶላር፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለከፈለ ግማሹ፣ 490። ስቶፕ ወይም ዲጃቩ የሚሉት ፋይል አጋች ቫይረስ ነው፤ ዋነኛ መግቢያው ክራክና የሐሰት የፈቃድ ቁልፍ (ኪይ) ማመንጫ እንደሆነ ያወቅሁት ከረፈደ ነው። የአሥራ አንድ ተማሪ ሥራ እዚያ ውስጥ ነበር። ዘጠኙ በኢሜይላቸው ቅጂ ነበራቸው።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሚጠይቀኝም የማደርገው እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ ከፕሮግራሙ ስም በፊት ሥራውን ጻፉ

ወረቀት አውጡና ምን ልትሠሩ እንደሆነ በአንድ መስመር አስፍሩ። «ፎቶሾፕ» አትበሉ፤ «የጉርድ ፎቶ ጀርባ ነጭ ማድረግ» በሉ። ስሙን ይዞ የሚፈልግ ሰው መጨረሻው ክራክ ነው። ሥራውን ይዞ የሚፈልግ ግን አምስትና ስድስት አማራጭ ያገኛል፤ አብዛኛውም ነፃ ነው።

ባለፈው ሰኔ አንዲት ልጅ ኤስፒኤስኤስ ካላገኘሁ አልመረቅም ብላ ሱቄ ውስጥ ልታለቅስ ደረሰች። «ቆይ፣ ምን ልትሠሪበት ነው?» አልኳት። የ180 ሰው መጠይቅ፣ የድግግሞሽ ሠንጠረዥ፣ ካይ ስኩዌር፣ አንድ ሪግሬሽን። ይኼንን ጃሞቪ በነፃ ይሠራዋል። ጃስፕም ይሠራዋል። የመጀመሪያው አር በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ላይ የቆመ ነው፤ ሁለተኛው ከአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ሁለቱም የኤስፒኤስኤስን ፋይል እንዳለ ይከፍታሉ። መልኩም ትእዛዙም እንዲመሳሰልለት የሚፈልግ ደግሞ ፒኤስፒፒ አለለት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አማካሪያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውጤቱ በየትኛውም ፕሮግራም ቢወጣ ግድ የማይሰጠው አለ፤ «የኤስፒኤስኤስ ሠንጠረዥ ካልሆነ አላይም» የሚልም አለ። ከእሱ ጋር መከራከር የእኔ ሥራ አይደለም።

ሌላውን በሩጫ ልበለው። ለጽሑፍ፣ ለሠንጠረዥና ለፕረዘንቴሽን ሊብረኦፊስ። ለቪዲዮና ለዘፈን ቪኤልሲ። ለታሸገ ፋይል ሰቨን ዚፕ። ለፎቶ ጊምፕ፤ ለባነርና ለሎጎ ኢንክስኬፕ (ማኅተም ግን አትጠይቁኝ)። ድምፅ ለመቁረጥ ኦዳሲቲ፣ ስክሪን ለመቅረጽ ኦቢኤስ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለዋቢ ዝርዝር ዞተሮ። ቪዲዮ ለማቀናበር ማሽናችሁ ጠንካራ ከሆነ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ፣ ካልሆነ ሾትከት። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ለለመደ ባለ ሱቅ ማኔጀር የሚባለው ፕሮግራም የዴስክቶፕ ቅጂው ነፃ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛችሁ አይቶ ይሁን ካላችሁ ግቡበት።

ሁለተኛ፦ ያላችሁን ቁጠሩ

«ወርድን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር ሶፍትዌር ስጠኝ» የሚለኝ ሰው በቀን አላጣም። ወርድ ራሱ «ሴቭ አዝ» ሲባል ፒዲኤፍ ያወጣል። ዊንዶውስ 10 እና 11ም ከማንኛውም ፕሮግራም ላይ ፕሪንት ስትሉ ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር መሐል የራሱ ፒዲኤፍ ማተሚያ አለው። አንቲቫይረስም እንዲሁ፤ ዲፌንደር አብሮ የመጣ ስለሆነ ሌላ መጨመር አያስፈልግም።

ኦፊስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለምትሉ፣ ማይክሮሶፍት ላይ አካውንት የከፈተ ማንም ሰው ወርድና ኤክሴልን በብሮውዘር ውስጥ በነፃ ይጠቀማል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ኢሜይል ከሰጣችሁ ደግሞ ያ አድራሻ ብዙ በር ይከፍታል። አውቶዴስክ የተማሪነት ማስረጃ ላቀረበ ሰው አውቶካድን ለአንድ ዓመት ይሰጣል፤ በየዓመቱ ይታደሳል። የተሰጠው ለትምህርት ነው፤ የሰው ቤት ፕላን እየሣሉ ገንዘብ ለመቀበል አይደለም።

ከሁሉ በላይ ሰው የማያውቀው የዊንዶውሱን ነገር ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚወጡ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። ፎርማት ብታደርጉት፣ ሃርድ ዲስኩን ብትቀይሩት አይጠፋም። ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ መልሳችሁ ከጫናችሁና ኢንተርኔት ካገኘ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል። ታዲያ ለምን «አክቲቬት አድርግ» ይላል? ብዙ ጊዜ ማሽኑ የመጣው በሆም ፈቃድ ሆኖ ሳለ ፎርማት ያደረገው ልጅ ፕሮ ስለሚጭንበት ነው። ቁልፉ ከበሩ ጋር አይገናኝም። ከዚያ አክቲቬተር ይመጣል፣ ከአክቲቬተሩ ጋር እኔን ያገኘኝ ይመጣል።

ስለዚህ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ «አክቲቬሽን» ብላችሁ ፈልጉና ሆም ወይም ፕሮ የሚለውን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ለሠራተኛው «ይኼንኑ ጫንልኝ» በሉት። መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ገጽ በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል።

ዊንዶውስ 10 የጥገና ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ 11 የማይሻገር አሮጌ ማሽን ካላችሁ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊነክስ ሚንትን ሞክሩ። 2 ጊጋባይት ራም ያለው ያስነሣዋል፤ 4 ሲኖረው ደስ ይላል። ሳትጭኑት ከፍላሽ ላይ አስነሥታችሁ ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን ማየት ትችላላችሁ። ለእናቴ ሚንት ጫንኩላቸው፤ ዊንዶውስ አለመሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

ሦስተኛ፦ ነፃው ምን ዓይነት ነፃ እንደሆነ ለዩ

ምንጩ ክፍት የሆነ፣ ማለትም ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል አለ፦ ሊብረኦፊስ፣ ቪኤልሲ፣ ጊምፕ። ይኼ ለግልም ለንግድም ይሆናል፣ ለጎረቤት ብታካፍሉትም ሕጋዊ ነው። በነፃ ተሰጥቶ የአምራቹ ንብረት ሆኖ የሚቀር አለ። ለግል ብቻ ነፃ ሆኖ ቢሮ ሲገባ የሚያስከፍልም አለ፤ ከርቀት ኮምፒውተር የሚከፍቱት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። የመጨረሻው የሙከራ ነው። ሁሉም ሰው ነፃ የሚመስለው ዊንራር የ40 ቀን ሙከራ ነው፤ ከዚያ በኋላ መለመኑን እንጂ መሥራቱን አያቆምም።

በገጹ ላይ «ፍሪ ዳውንሎድ» የሚለው አያታልላችሁ። ነፃ የተባለው ማውረዱ ነው። «ፕራይሲንግ» ወይም «ላይሰንስ» የሚለውን ተጫኑና አንብቡ። ገና ሳትሞክሩት የካርድ ቁጥር ከጠየቃችሁ የምትገቡበት በየወሩ የሚቆረጥ ክፍያ ነው።

ሕጉን የሚጠይቀኝም አለ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ድርጅት ያላችሁ ሰዎች ይኼን አትናቁት።

አራተኛ፦ ወደ ባለቤቱ ቤት ሂዱ

የተወሰነ ፕሮግራም ምትክ የምትፈልጉ ከሆነ ኦልተርኔቲቭቱ የሚባል ገጽ አለ። የምታውቁትን ፕሮግራም ስም አስገቡ፤ ከዚያ ማጣሪያው ላይ «ፍሪ» እና «ኦፕን ሶርስ» የሚሉትን ምረጡ። ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ግን ከዚያ ገጽ ላይ አታውርዱ። ጎግል ላይም ስሙን ጽፋችሁ የመጀመሪያውን አትንኩ።

ለምን? ከላይ «ስፖንሰርድ» ተብለው የሚወጡት በገንዘብ የተገዙ ቦታዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጎግል ላይ ጊምፕን ለፈለጉ ሰዎች አንድ ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። የሚታየው አድራሻ የጊምፕ የራሱ ነው፤ ሲጫኑት የሚወስደው ግን «ጊሊምፕ» ወደሚል ቦታ። ገጹ ቁርጥ እሱን ነው። ከዚያ የወረደው ፋይል የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሲሆን፣ እውነተኛ እንዲመስል በባዶ ነገር ተሞልቶ ወደ 700 ሜጋባይት እንዲያብጥ ተደርጎ ነበር። ፋይሉ ትልቅ መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

እኔ የምሄድበት መንገድ ዊኪፔዲያ ነው። የፕሮግራሙን ገጽ ትከፍታላችሁ፤ በስተቀኝ ባለው ሣጥን ታችኛው ክፍል የባለቤቱ ድረ ገጽ አድራሻ አለ። እሱን ተጫኑ። ከዚያ ከላይ በብሮውዘሩ የተጻፈውን አድራሻ ፊደል በፊደል አንብቡት፤ እንደ ቤት ካርታ። ሊብረኦፊስ መጨረሻው «ነጥብ ኦርግ» ነው። ቪኤልሲ የሚገኘው ደግሞ በራሱ ስም ሳይሆን ቪዲዮላን በተባለው ድርጅት ገጽ ላይ ነው፤ ከፓሪስ የተማሪዎች ፕሮጀክት ተነሥቶ እዚህ የደረሰ ነው፤ ስለዚህ «ቪኤልሲ» የሚል ቃል ብቻ ያለበት አድራሻ ሁሉ የእሱ አይደለም።

ገጹ ላይ ከደረሳችሁም በኋላ «ዳውንሎድ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ሦስትና አራት ቦታ ካያችሁ ከዚያ ውጡ። ባለቤቱ አንድ በር ነው ያለው።

አምስተኛ፦ ስታወርዱ

በመጀመሪያ ማሽናችሁ 64 ቢት ይሁን 32 ሴቲንግስ ውስጥ «አባውት» የሚለው ላይ እዩ። ዛሬ ሱቅ ላይ የምትገዙት ሁሉ 64 ነው፤ የቤተሰብ ቅርስ የሆነ ዴስክቶፕ ግን ሊለይ ይችላል።

ቀጥሎ ሙሉውን መጫኛ ፈልጉ። አንዳንድ ገጽ ሁለት ሜጋባይት የሆነች ፋይል ይሰጣችኋል፤ ስትከፍቷት ዋናውን ከኢንተርኔት ትጎትታለች። ለአንድ ማሽን ምንም አይደለም። ለሦስት ኮምፒውተር ግን ሦስት ጊዜ ዳታ ትከፍላላችሁ፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደም ከዜሮ ነው። «ኦፍላይን ኢንስቶለር» የሚለውን ምረጡ።

ትልልቁን ለሌሊት ጥቅል አቆዩት። ሊነክስ ሚንት ወደ 3 ጊጋባይት ነው፤ ቀን በሞባይል ዳታ ማውረድ ጥጋብ ነው። ሊብረኦፊስም ሚንትም በቶሬንት፣ ማለትም ፋይልን ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በቁርጥራጭ በሚያመጣው መንገድ ይገኛሉ፤ ቶሬንት ሲባል ሁሉም ሌብነት የሚመስለው ሰው አለ፣ መንገድ ነው እንጂ ዕቃ አይደለም። ጥቅሙ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ካቆመበት መቀጠሉ ነው። ለዚህ ኪውቢትቶሬንት በቂ ነው። ቀን ላይ ፍለጋውንና ንባቡን ጨርሱ፤ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላችሁ፣ ወይም በስልካችሁ። አድራሻውን ይዛችሁ ማታ ማውረድ ብቻ ይቀራል።

ስድስተኛ፦ ከመክፈታችሁ በፊት መርምሩ

የወረደውን ፋይል በቀኝ ተጫኑና «ፕሮፐርቲስ» ግቡ። «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚል ክፍል ካለ የፈራሚውን ስም አንብቡ። በሊብረኦፊስ ላይ ዘ ዶኪውመንት ፋውንዴሽን፣ በቪኤልሲ ላይ ቪዲዮላን ማለት አለበት። የማታውቁት ሰው ስም ካለበት አጥፉት። ሁሉም ነፃ ፕሮግራም አይፈረምም፤ ፊርማ ማጣቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም።

ያኔ ወደ ኤስኤችኤ-256 ኑ። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ የጣት አሻራ ነው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር አሻራው ይቀየራል። ሰቨን ዚፕ ካላችሁ ፋይሉን በቀኝ ተጫኑ (ዊንዶውስ 11 ላይ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» በሉ)፣ «ሲአርሲ ኤስኤችኤ» ውስጥ 256 የሚለውን ምረጡ። የ64 ፊደልና ቁጥር ድርድር ይወጣል። ባለቤቱ ገጹ ላይ ከጻፈው ጋር አስተያዩት፤ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ስድስት ስድስት ማየት ለእኔ ይበቃኛል።

አሁን ዳታ የሚያተርፈው ዘዴ። ቫይረስቶታል የሚባለው የጎግል ገጽ ፋይልን ወደ ሰባ በሚጠጉ አንቲቫይረሶች ያስመረምራል። ሰው ሁሉ ፋይሉን እንዳለ ወደ ገጹ ይልካል፤ 350 ሜጋባይት ወደ ላይ መላክ በእኛ ኢንተርኔት ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ፋይሉን አትላኩ። ያንን 64 ድርድር ኮፒ አድርጋችሁ የፍለጋው ሣጥን ላይ ለጥፉት። ሌላ ሰው ከዚህ በፊት ያስመረመረው ከሆነ ውጤቱ ወዲያው ይመጣል። ታዋቂ ፕሮግራም ሆኖ ማንም አስመርምሮት የማያውቅ ከሆነ፣ ተጠራጠሩ፤ እጃችሁ ላይ ያለው ያ ታዋቂ ፕሮግራም ላይሆን ይችላል።

ሲጫን «ኔክስት፣ ኔክስት» እያላችሁ አትሩጡ። «ከስተም» የሚለውን መርጣችሁ ተጨማሪ ቱልባርና ብሮውዘር የሚያስገቡትን ምልክቶች አንሡ። መጫኛው፣ ወይም አብሮት የመጣው ማስታወሻ፣ ወይም የሚጭንላችሁ ሰው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋው» ካለ እዚያው አቁሙ። እኔ ያላቆምኩት እዚያ ላይ ነው።

ሰባተኛ፦ አማርኛውን

የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ኪማን በነፃ ይገኛል፤ ምንጩም ክፍት ነው። ከጫናችሁት በኋላ የአማርኛውን ኪቦርድ ከውስጡ ፈልጋችሁ ታስገባላችሁ፤ በላቲኑ ቁልፍ ድምፁን እየተከተላችሁ ትጽፋላችሁ። ለፊደል ቅርፅ አቢሲኒካ እና የጎግሉ ኖቶ ኢትዮፒክ ነፃ ናቸው።

ይኼን ለብቻው ያነሣሁት በየቀኑ ስለሚያናድደኝ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ የድመት ጠብ ይመስላል። ዛሬም በተኮረጀ አሮጌ ፕሮግራም የተጻፈ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ፤ እንደ አዲስ እንጽፈዋለን፤ የጽሕፈት ዋጋ ይከፍላል።

ሊብረኦፊስ ላይ የሠራችሁትን ለሌላ ሰው ስትልኩ በወርድ ዓይነት ሴቭ አድርጉ። ታይምስ ኒው ሮማን ማሽኑ ላይ ባይኖር ሊበሬሽን ሴሪፍ ይተካዋል፤ የፊደሎቹ ስፋት እኩል ስለሆነ ገጹ ብዙም አይዛነፍም። ለህትመት ግን ፒዲኤፍ አምጡልኝ። እለምናችኋለሁ።

ስምንተኛ፦ መክፈል ግድ ሲሆን

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል። በዶላር ወርኃዊ ክፍያ የነበረባቸው የዲዛይን ልጆች ሥራቸው ሳይጨምር ወጪያቸው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ከቻላችሁ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቀውን ምረጡ። የተማሪ፣ የመምህርና የበጎ አድራጎት ድርጅት ቅናሽ መኖሩን ገጹ ላይ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ነው ያለው።

ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው ቴሌግራም ላይ በብር ከሚሸጡ ደላሎች ይገዛል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ፈቃዱ በእኔ ኢሜይል ነው የሚመዘገበው?» «አካውንት እንሰጥሃለን» ካሏችሁ የምትገዙት ለብዙ ሰው የተሸጠ የጋራ አልጋ ነው፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን የቀየረ ቀን ታድራላችሁ ውጭ።

ዘጠነኛ፦ አስቀምጡ፣ አካፍሉ

ያወረዳችሁትን መጫኛ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ አትተዉት። ለብቻው አንድ ፎልደር ክፈቱና የፕሮግራሙን ስም፣ 64 ወይም 32 መሆኑን፣ የወረደበትን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ። ብሮውዘርና ፒዲኤፍ ማንበቢያ ከመሳሰሉት በስተቀር በየስድስት ወሩ አዲሱን ማውረድ ለእኔ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የእኔ ስብስብ ከኮፒ ማሽኑ ጎን በገመድ የታሰረ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ምንጫቸው ክፍት የሆኑትን ብቻ አስቀምጬበታለሁ፤ ማንም መጥቶ መቅዳት ይችላል፣ ክፍያ የለውም። ፍላሻችሁን ግን መጀመሪያ እኔ እመረምረዋለሁ፤ ግማሹ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው። ፋይሎቹ የጠፉ ይመስላሉ፣ ተደብቀው ነው እንጂ አሉ፤ ሾርትከቷን አትክፈቷት፣ አምጡልኝ። ሰኔ ላይ ከሆነ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ኑ፤ ከዚያ በኋላ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ነው።